ናይሮቢ፤ የቀዝቃዛው ውሃ ከተማና የማገገም ሳምንታት

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ሕዝብ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደዚህ ረግረግ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ሠራተኞቹ ድንኳን ተከሉ፤ ድንኳኑ ሰፈር፣ ሰፈሩ ከተማ፣ ከተማውም የአገር መናገሻ ሆነ። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለደጋ ሰው አይከብድም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል።

ወገኖቻችን ወደዚህች ከተማ የሚመጡበት ምክንያት ብዙ ነው። ነጋዴው ወደ ኢስሊ ገበያ፣ ባለሥልጣኑ በጊጊሪ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለጉባኤ፣ ወጣቱም ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ፍለጋ ይመጣል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ ሌላ ዓይነት መንገደኛ ነው፤ ይኸውም ታክሞ ከጨረሰ በኋላ ሰውነቱ እስኪበረታ ድረስ በከተማይቱ ስለሚሰነብት ሕመምተኛ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አገር የሚያየው እንደ ጎብኚ አይደለም። የከተማይቱን መልክ የሚያውቀው በሚያርፍባቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥላ በሚሰጡት ዛፎችና፣ ይህን መናገር ነውር አይሁንብኝና፣ በሚያገኛቸው መጸዳጃ ቤቶች ነው።

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አባቴን ይዤ ናይሮቢ ገባሁ። ሕመማቸው የፕሮስቴት ካንሰር ነበረ። ፕሮስቴት የሚባለው ከሽንት ፊኛ በታች፣ የሽንት መውረጃውን ቱቦ ከብቦ የሚገኝ፣ መጠኑ ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ የወንድ ዕጢ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና በ1997 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በቀር ሌላ ስፍራ ስላልነበረ፣ ከመላው ኢትዮጵያ የሚመጣው ሕዝብ ተራውን በብዙ ትዕግሥት ሲጠብቅ ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሰለ የክፍለ ሀገር ከተማም ሕክምናው ተጀምሯል። እኛ ናይሮቢን የመረጥነው ግን በኪሊማኒ ሰፈር የሚኖር አጎት ስለነበረን ነው። ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወጥቶ የሚያርፍበት የዘመድ ቤት ማግኘቱ የመድኃኒቱን እኩሌታ እንደ ማግኘት ይቈጠራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። አባቴ ከአገር ሲነሡ ለወንድሞቻቸውና ለጎረቤት ሁሉ “ዓይኔን ልታከም ነው” ብለው ነበር። የነገሩን እውነት የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ጨረሩና ውሃው

ናይሮቢ የቆየ የሕክምና ከተማ ናት። ዛሬ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የሚባለው በ1901 ዓ.ም. ለአገሬው ተወላጆች በአርባ አልጋ የተመሠረተ ነው። በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ ንጉሥ በጊዮርጊስ ስድስተኛ ስም ተሰይሞ ቆይቶ፣ ኬንያ ነፃነቷን ባገኘች በማግሥቱ በ1964 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን አገኘ። በ1954 ዓ.ም. ለአውሮፓውያን ብቻ የተከፈተው ሆስፒታል ዛሬ ናይሮቢ ሆስፒታል ተብሎ ሁሉን ያክማል። በ1958 ዓ.ም. በፓርክላንድስ ሰፈር የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታልም እስከ ዛሬ ስመ ጥር ነው። ቀድሞ በዘር የተከፋፈሉት በሮች ዛሬ ለሁሉ ክፍት ቢሆኑም፣ አሁን ደግሞ የሚለየው የኪስ አቅም ነው።

አባቴ የታከሙት በከተማይቱ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ነው። ቀድሞ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ጨረር ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ይፈጅ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታተመ ታላቅ ጥናት፣ በየቀኑ ጥቂት ከፍ ያለ መጠን እየተሰጠ በሃያ ቀን ቢፈጸም ለብዙ ሕመምተኞች ውጤቱ እንደማያንስ ካስረዳ ወዲህ ግን የአራት ሳምንቱ ሥርዓት በብዙ አገር ተለምዷል። አባቴም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሃያ ጊዜ ከመኪናው ሥር ተኙ።

በመጀመሪያው ቀን ጨረሩ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ እንዲያርፍ ሲባል በዳሌያቸው ዙሪያ ሦስት ትናንሽ ነጥቦች እንደ ንቅሳት ተነቀሱ። አባቴም ከክፍሉ ሲወጡ፣ “በሰባ ዓመቴ እንደ ኮረዳ ተነቅሼ ልመለስ ነው፤ እናትህ ምን ትለኝ ይሆን?” ብለው ሳቁ። ከአገር ከወጣን ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቃቸው ይህ ነበር።

መኪናው በሰውነታቸው ዙሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች ይዞራል፤ አያቃጥልም፣ አይወጋም፣ ሕመም አይሰማም። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ሥርዓት ነው። ሕመምተኛው አንጀቱን ባዶ፣ ፊኛውን ግን በውሃ የሞላ አድርጎ መቅረብ ይገባዋል። ምክንያቱም የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፍቶ ያርቃል፤ ዕጢውም በየቀኑ በአንድ ስፍራ እንዲገኝ ይረዳል። ስለዚህ በየማለዳው የሽማግሌዎች ጉባኤ በመጠበቂያው ክፍል ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ የውሃ ጠርሙሱን ይዞ ይጠጣል፤ ከጠጣም በኋላ ተራው እስኪደርስ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ኪኩዩው፣ ሉዎው፣ ሶማሌው፣ ሕንዱና የእኛው ትግራዊ ሽማግሌ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሲሣቀቁ ላየ ሰው፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚለው የከተማይቱ ስም ለዚህ ክፍል የተሰጠ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚጠቅም አንድ የቋንቋ ነገር ላስታውስ። ቀጠሮው በእንግሊዝኛ ሲነገር “ስምንት ሰዓት” ይባላል። አንዲት አስታማሚ ግን አባቴን በስዋሂሊ “ሳአ ምቢሊ” አለቻቸው፤ ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው። አባቴ ወዲያው ገባቸው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛው የቀኑን ሰዓት የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነውና። “ሳአ” የሚለውም ቃል የእኛው “ሰዓት” ዘመድ ነው። በባዕድ አገር ሰዓቱ እንደ አገሩ የሚቈጠርለት ሕመምተኛ ጥቂት ይጽናናል።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ

ብዙ ሰው የጨረሩ የመጨረሻ ቀን የሕመሙም መጨረሻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጨረሩ ቢቆምም ሥራው ይቀጥላል። የተመቱት የካንሰር ሕዋሳት የሚሞቱት ቀስ በቀስ ነው፤ በአጠገባቸው ያለው ጤነኛ ሥጋም ቈስሎ የሚሽረው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ድካሙ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሕክምናው መጨረሻና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲወርድ ያቃጥላል፤ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። አንጀትም ይለሰልሳል፤ መጸዳጃ ቤት ካልተገኘ በቀር መታገሥ ያስቸግራል። አብዛኛው ይህ ችግር በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን፣ እንደ ከአንጀት ጫፍ መድማትና እንደ ወንድ ኃይል መቀነስ ያለው፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል የሐኪም ክትትል አይቋረጥም።

አባቴ ከጨረሩ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ ግቢው በር ድረስ መሄድ እንኳ አቃታቸው። ሰው ሲጠይቃቸው “እንቅልፍ ነው” ይላሉ። ይህ ድካም ግን ተኝተው የሚያልፉት ድካም አይደለም። ሐኪሙም የነገራቸው የሚያስገርም መስሎ ታያቸው፤ “በየቀኑ ይራመዱ፤ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ከዛሬ ጥቂት የሚበልጥ” አላቸው። ልከኛ የእግር ጉዞ ይህን ድካም እንደሚያቀል በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው።

ሌላም ፍርሃት ነበረባቸው። አጎቴ ቤት ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጅ ነበረች። ሕፃኒቱ እጇን ዘርግታ ስትመጣ አባቴ ወንበራቸውን ያሸሻሉ፤ እኛ ግን ድካም መስሎን ነበር። አንድ ቀን አስታማሚዋን በሹክሹክታ፣ “ጨረሩ ከእኔ ወደ ሕፃኗ አይተላለፍም?” ብለው ጠየቋት። እርሷም፣ ከውጭ በመኪና የሚሰጥ ጨረር እንደ መብራት መሆኑን፣ መኪናው ሲጠፋ በሰውነት ውስጥ አንዳች እንደማይቀር አስረዳቻቸው። በዕጢያቸው ውስጥ የጨረር ፍሬ የሚቀበርላቸው ሕመምተኞች ግን ለጥቂት ጊዜ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቁ የሚመከሩ መሆናቸውን ጨመረችላቸው። በዚያ ቀን ማታ አባቴ ሕፃኒቱን ከጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስክትተኛ ድረስ አላወረዷትም።

አስታማሚዋ ዘወትር ስትቀበላቸው “ፖሌ፣ ምዜ” ትላለች። ምዜ ማለት ለአዛውንት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው፤ ፖሌ ደግሞ እኛ ለታመመ ሰው “አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ይማርዎት” እንደምንለው ያለ ቃል ነው። ይኸው ቃል ሁለት ጊዜ ተደግሞ “ፖሌ ፖሌ” ሲባል ቀስ በቀስ ማለት ይሆናል። ማጽናናትና ቀስታ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለሚያገግም ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚህም ጋር “ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ” የሚል ምሳሌ አላቸው፤ ችኰላ በረከት የለውም ማለት ነው። እኛም “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንላለንና ተግባባን።

የሦስት ጥላዎች ጉዞ

ጊዜው ጥቅምት ስለነበረ ጃካራንዳ የሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ዛፍ፣ የናይሮቢን መንገዶች ሐምራዊ ምንጣፍ አልብሷቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ቀን ዝናብ ይጥላል፤ ስለዚህ የምንራመደው በማለዳ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ከኪሊማኒ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ናይሮቢ አርቦሬተም ነው፤ አርቦሬተም ማለት ልዩ ልዩ ዛፎች ለጥናት የሚተከሉበት ስፍራ ነው። የተመሠረተው በ1907 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ 30 ሄክታር ያህል ነው። የተቋቋመበት ምክንያት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንም። የባቡሩ ምድጃ የአገሩን ደን እየበላ ስለጨረሰው፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ የትኛው እንደሆነ ለመፈተን ነበር። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ መዲናይቱን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። አባቴ በአርቦሬተሙ ውስጥ ባሕር ዛፍ ባዩ ጊዜ ቅጠሉን ቀጥፈው አሸተቱና፣ “ይህስ የእኛ ሰው ነው” አሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ወንበር ያህል ተራመዱ፤ ማለት ከአንዱ አግዳሚ ወንበር እስከ ሁለተኛው። በሳምንቱ መጨረሻ አምስት ወንበር ሆነ። ርቀትን በወንበር መለካትን ከሕመምተኞች ተማርኩ።

ሁለተኛው ጥላ በፓርክላንድስ ያለው ሲቲ ፓርክ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደውና ቀድሞ የደን መንገድ ይባል የነበረው ጎዳና ዛሬ በፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ስም ይጠራል። ሲቲ ፓርክ 60 ሄክታር ገደማ የሚሆን አሮጌ የአገር ደን ቅሬታ ያለበት ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ደፋር ጦጣዎች ናቸው፤ ከእንግዳ እጅ ሙዝ ሲቀሙ ይቅርታ አይጠይቁም። በ1965 ዓ.ም. በጥይት የተገደለው የነፃነት ታጋይ ፒዮ ጋማ ፒንቶ በዚህ ተቀብሯል። የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆሴፍ ሙሩምቢም በ1990 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ከወዳጃቸው ከፒንቶ አቅራቢያ በዚሁ ስፍራ ዐርፈዋል።

የሚያገግም ሰው የሚሄድበትን ስፍራ ሲመርጥ መጸዳጃ ቤት ያለበትን አስቀድሞ ያጣራል። በከተማይቱ መካከል ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች አሉ። ታክሲውን ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ሲሮጥና በመንገድ ጉብታ ላይ ሲዘል ለጤነኛ ጨዋታ ቢሆንም፣ ከጨረር ለወጣ ሽማግሌ ግን ቅጣት ነው።

ስለ ምግብም ጥቂት ልናገር። በኪሊማኒና በሁርሊንግሃም የእኛን እንጀራ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የወጡ ሽታ ከመንገድ ይጠራል። ሐኪሙ ግን አንጀትና ፊኛ እስኪሽሩ ድረስ በርበሬ፣ ቡናና የአልኮል መጠጥ እንዲቀነስ መክሮ ነበር። ቡና መተው ለአባቴ ከጨረሩ ይልቅ ከባድ ሆነባቸው። በምትኩ አልጫ፣ የበሰለ ሙዝ፣ እንደ አጥሚት ያለውን ኡጂ የተባለ የዳጉሳ መጠጥና፣ የፓርክላንድስ ሕንዶች ከሩዝና ከምስር ቀላቅለው የሚሠሩትን ክቺዲ የተባለ ለስላሳ ምግብ ይመገቡ ነበር። አንጀታቸው ከተረጋጋ በኋላ ጎመን ተፈቀደላቸው። የኬንያ ሰው ጎመኑን “ሱኩማ ዊኪ” ይለዋል፤ ሳምንቱን ግፋው ማለት ነው፤ ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብ እስከ ደመወዝ ቀን የሚገፋበት ምግብ ስለሆነ። አባቴ ትርጓሜውን ሰምተው፣ “እኔስ ከዚህ በቀር ምን ሥራ አለኝ?” አሉ። ውሃም ቀን ቀን በደንብ እየጠጡ ወደ ማታ መቀነስን ተማሩ፤ ሌሊቱም ቀስ በቀስ ረዘመላቸው።

ዝምታው የተሰበረበት ደን

በአንደኛው የክትትል ቀን ሐኪሙ አባቴን፣ “ወንድሞች አሉዎት? ወንዶች ልጆችስ?” ብሎ ጠየቃቸው። ሦስት ወንድሞችና ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሏቸው ነገሩት። ሐኪሙም፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው በሕመሙ የመያዙ ዕድል ከሌላው ሰው በእጥፍ ያህል እንደሚበልጥ፣ ስለዚህ ወንድሞቻቸው ይህን ማወቅ እንደሚገባቸው ነገራቸው። አባቴ ዝም አሉ። ወንድሞቻቸው የሚያውቁት የዓይን ሕመም ብቻ ነበርና። ለብዙ ቀን ስለዚህ ነገር አላነሡም፤ እኔም በአባት ላይ መጫን ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ።

አጎቴ ግን ብልህ ሰው ነው። አንድ ማታ ከራት በኋላ ስለ ኔልሰን ማንዴላ አነሣ። ማንዴላ በ1962 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት የተማሩ መሆናቸውን አባቴ ያውቃሉ። አጎቴም፣ እኒህ ሰው በ2001 ዓ.ም. በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው ሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና መቀበላቸውን፣ ነገሩም ለዓለም ሁሉ መነገሩን፣ ከዚያም በኋላ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ኖረው በዘጠና አምስት ዓመታቸው ማረፋቸውን ተረከ። አባቴ፣ “ማንዴላም?” ብለው ጠየቁ። “ማንዴላም” አለ አጎቴ። ቀጥሎም የኬንያን ነገር አመጣ።

በ2011 ዓ.ም. የኬንያ የሕክምና አገልግሎት ሚኒስትር የነበሩት ፕሮፌሰር ፒተር አንያንግ ንዮንጎ የፕሮስቴት ካንሰር እንደያዛቸው ለሕዝብ በግልጽ ተናገሩ። የታከሙት በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ነበር። በዚያን ጊዜ፣ ሚኒስትሩ ባሕር ተሻግረው ሲታከሙ ድሀው ለምን በአገሩ ተራ ይጠብቃል የሚል ወቀሳ ተነሣ፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሚኒስትር በወንድ አካሉ ስላለ ሕመም በአደባባይ ሲናገር መስማት ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ2012 ዓ.ም. ስለ ካንሰር መከላከልና መቈጣጠር የወጣው ሕግ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እንዲመሠረት አዘዘ፤ ከዚያም ወዲህ የጨረር ሕክምና እንደ ናኩሩና እንደ ሞምባሳ ወዳሉ ከተሞች ደርሷል። ሚኒስትሩም ታክመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ በ2017ና በ2022 ዓ.ም. የኪሱሙ ገዥ ሆነው ተመረጡ። አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው መልስ ሳይሰጡ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በአምስተኛው ሳምንት ሦስተኛውን ጥላ ለማየት በቁ፤ እርሱም የካሩራ ደን ነው። በከተማይቱ ሰሜን የሚገኘው ይህ ደን ከ1,000 ሄክታር ይበልጣል። በውስጡ ወንዝ፣ ዋሻና ፏፏቴ አለ። ዛሬ ሕፃናት በብስክሌት ሲጫወቱበት የሚታየው ይህ ደን በ1990ዎቹ ዓመታት ተቈራርሶ ለቤት ሠሪዎች ሊታደል ነበር። ያዳኑት አስቀድመን ስማቸውን የጠራነው ዋንጋሪ ማታይና ባልንጀሮቻቸው ናቸው። በጥር 1999 ዓ.ም. ችግኝ ሊተክሉ ወደ ደኑ በመጡ ጊዜ በቅጥር ጠባቂዎች ተደብድበው ራሳቸው ተፈነከተ። እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ደኑም ዳነ። በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት በማግኘት ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። እኒህ ታላቅ ሴት በመስከረም 25 ቀን 2011 ዓ.ም. በናይሮቢ ያረፉት በካንሰር ነው። ለሬሳቸው ሣጥን ሲባል ዛፍ እንዳይቈረጥ ፈልገው ስለነበር ሣጥናቸው ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከውሃ ላይ አረም ተሠራ።

ይህን ታሪክ እየነገርኳቸው በቀስታ ወደ ፏፏቴው ወረድን። ስንት ወንበር እንዳለፍን አልቈጠርንም። አባቴ ከውሃው ፊት ለፊት በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ “ሴቲቱ ለዛፍ ስትል ራሷን አስፈነከተች፤ እኔ ለወንድሞቼ ስል አፌን መክፈት አቃተኝ” አሉ። ከዚያም ስልኩን ጠየቁኝ። ለታናሽ ወንድማቸው ደውለው በትግርኛ፣ “ዓይኔ አልነበረም” ብለው ጀመሩና ሁሉንም ተናገሩ። የሽንቱን ችግር፣ የጨረሩን ነገር፣ የነጥቦቹን ንቅሳት ሳይቀር ነገሩት። በዚያኛው ጫፍ ያለው አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ እርሱም ከዓመት ወዲህ ሌሊት አራት ጊዜ እየተነሣ፣ ለሰው መንገር ግን አፍሮ እንደ ነበረ ገለጠ። አባቴም እንደ ታላቅ ወንድም ተቈጥተው፣ “ነገ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ውጤቱን ለእኔ ትነግረኛለህ” ሲሉ አዘዙት። ከተቀመጡበት ሲነሡ ምርኩዛቸውን ረስተው ጥቂት እርምጃ ሄዱ፤ ምርኩዙን እኔ ይዤ ተከተልኩ።

አጎቴ በአዘዙት መሠረት ሄዶ ተመረመረ። የተገኘበት ካንሰር ሳይሆን በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የዕጢው ማበጥ ብቻ ነበርና መድኃኒት ተሰጠው። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ሁልጊዜ የካንሰር ምልክት አይደለም፤ ካንሰሩም በመጀመሪያው ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው የመረመረ ሐኪም ብቻ ነው።

ለአንባቢ የሚተርፍ ምክር

ከጨረር የወጣ ሕመምተኛ ያለበት ቤተ ሰብ የሚከተለውን ቢያስተውል ይጠቀማል። ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ለወራት ሊቈይ ይችላልና አትቈጡት፤ ነገር ግን በየቀኑ እንዲራመድ አግዙት። ሽንት ፈጽሞ ቢከለከል፣ ደም ቢበዛ፣ ትኩሳት ቢነሣ ወይም አዲስ የአጥንት ሕመም ቢሰማ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ በየጥቂት ወሩ ይደረጋል። ከጨረር በኋላ ቍጥሩ የሚወርደው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ዝቅተኛው ላይ እስኪደርስ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በመካከልም ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንዲት ቍጥር አይታችሁ አትደንግጡ፤ አንዲት ቍጥር አይታችሁም ክትትሉን አትተዉ። የጋብቻ ነገር ቢደክም ባልና ሚስት ሊወያዩበትና ሐኪም ሊጠይቁበት የሚገባ እንጂ የሚታፈርበት ጉዳይ አይደለም።

ጤነኛው ወንድም ቢሆን ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲደርስ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ ታሞ እንደሆነ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ከአርባ አምስት ዓመት ጀምሮ ስለ ምርመራው ጥቅምና ጉዳት ከሐኪም ጋር ቢመካከር መልካም ነው። ይህን ምክር ስጽፍ የሌላውን ሰው ብቻ አስቤ አይደለም፤ እኔም ከሁለቱ ወንዶች ልጆች አንዱ ነኝና የዚያን ዓመት ቀን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። አባቴ ባይናገሩ ኖሮ ለታናሽ ወንድሜም ምክንያቱን የሚነግረው አይኖርም ነበር።

አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። ናይሮቢ ላይ የተማርኩት ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ይበልጣል፤ በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒቱን የሚነፍገው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለወንድሙና ለልጁም ጭምር ነው። ስለዚህ ታክሞ የዳነ ሁሉ በመንደሩ፣ በዕድሩና በመሥሪያ ቤቱ ላሉት ወንዶች ያገኘውን ይንገር። የሚሰማውም አይሣቅ፤ “እግዚአብሔር ይማርዎት” ይበል፤ ቀጥሎም የራሱን ቀጠሮ ይያዝ።